ሳይክል፣ ስኩተርና የእኛ ቁልቁለት

ከአንበሳሜ ወደ ባሕር ዳር ለትምህርትም ለሥራም የሚወርዱ ተማሪዎቼ መጀመሪያ ከሚመኟቸው ነገሮች አንዱ ሳይክል ነው። አሁን ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ሞተርና ስኩተር መመኘት ጀምረዋል። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ለወላጆቻቸው ነው።

ሜዳና ዳገት

ባሕር ዳር የተቆረቆረችው ጣና ዳር፣ ሜዳ ላይ ነው። ሳይክል የከተማዋ መታወቂያ የሆነውም ለዚህ ነው። በእግር አንድ ሰዓት የሚፈጀው 5 ኪሎ ሜትር በሳይክል 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ነዳጅ አይጠይቅም፤ ለባጃጅ የሚወጣው ገንዘብ ለደብተርና ለእራት ይተርፋል፤ ልብና ሳንባም ይጠነክራል።

ጉና ሥር ያለችው ደብረ ታቦር ግን ሌላ ናት። ዳገቱ ጎበዙን ሁሉ ከሳይክል አውርዶ ያስገፋል። እዚህ በሞተር የሚታገዝ ሳይክል ትልቅ ጥቅም አለው፤ በተለይ ዕቃ ለሚያመላልስና ጉልበቱ ለደከመ። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ በመሆኑ ጭሱም ይቀራል። ችግሩ የሚመጣው ዳገቱ አልቆ መውረድ ሲጀመር ነው።

ፍጥነትን በገደል እንለካው

ከ10 ሜትር ገደል የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ በ50 እየበረሩ ከግንብ ጋር መላተም ማለት ከ10 ሜትር ገደል መውደቅ ነው። በ30 ሲሆን ከሦስት ሜትር ተኩል፣ በ15 ሲሆን 90 ሴንቲ ሜትር ከማይሞላ ከፍታ ነው። ልብ በሉ፦ ፍጥነቱ ከ15 ወደ 30 በእጥፍ ሲያድግ ገደሉ አራት እጥፍ ጠለቀ። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀትም እንዲሁ በአራት እጥፍ ይረዝማል። ልጆቻችን ላይ የሚደርሰው ጉዳት ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ ማብራሪያ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ ይህን ያዙልኝ።

አሁን ገልብጡት። ሳይክል ያለ ፍሬን 10 ሜትር ከፍታ ከወረደ፣ ነፋሱና ሰበቃው ከሚቀንሱለት በቀር ወደ 50 ይጠጋል። 10 ሜትር ደግሞ ለደብረ ታቦር ቁልቁለት ምንም አይደለም።

ፍሬን

ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ፍጥነቱ ከመጣ በኋላ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ነው። ሁለቱንም ፍሬን ቀስ እያደረጉ፣ ከኩርባው በፊት። በፍሬን ጊዜ ክብደታችሁ ወደ ፊት ስለሚሄድ የፊቱ ፍሬን ይበልጥ ይይዛል፤ ግን ቁልቁለት ላይ ድንገት ከጨበጣችሁት በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥላችኋል። ክረምት ላይ የፍሬኑ ላስቲክ ሲርስ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። የተላጨ የፍሬን ላስቲክ ይዞ ዳገት መውጣት ይቻላል፤ መውረድ ግን አይቻልም።

ትንሽ ጎማ

የስኩተር ጎማ ትንሽ ነው። የሳይክል ጎማ ተንከባሎ የሚያልፈው የኮብልስቶን ስንጥቅ የስኩተሩን ጎማ ውጦ ያስቀራል፤ ቆሞ የሚነዳው ሰው ደግሞ በጭንቅላቱ ይወድቃል። ኤሌክትሪክ ድምፅ የለውም፤ በገበያ ቀን ጭነት ይዛ የምትሄድ እናትም አህያዋም መምጣቱን አይሰሙም። በኔ እምነት ለኮብልስቶን መንገዶቻችን ስኩተር አይሆንም።

መንገዱ ለማን ነው?

በ2015 ዓ.ም. የፓሪስ ነዋሪዎች በኪራይ ስኩተሮች ላይ ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ ድምፅ ከሰጡት አሥር ሰዎች ዘጠኝ ያህሉ ይቅሩብን አሉ፤ ቀሩም። የሰዎቹ ብሶት እግረኛው በገዛ መንገዱ መገፋቱ ነበር። በ5 የሚራመድ፣ በ20 የሚጋልብና በ50 የሚነዳ አንድ መስመር ላይ ከተገናኙ አንዱ መጎዳቱ አይቀርም። በግንቦት 2016 ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለሳይክል የየራሳቸውን መስመር የሰጠው ለዚህ ነው። አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር ዘርግታለች። የእኛ ትንንሽ ከተሞች መንገዳቸው ገና እየተሠራ ስለሆነ፣ ኋላ ከማፍረስ ከወዲሁ መስመር መለየት ይቀላቸዋል።

ለወላጆች

ሳይክል ወይም ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት የሄልሜቱን ዋጋ ደምሩበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጥራቱን የጠበቀና በትክክል የታሰረ ሄልሜት የሞተረኛን የመሞት አደጋ ከስድስት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ማሰሪያው ካልተቆለፈ ግን ሰውየው ሳይወድቅ እሱ ቀድሞ ይወልቃል። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ውስጡ ስለሚጎዳ፣ ከውጭ ደህና ቢመስልም ይቀየር።