ቤት መስጠትና በቤት ማኖር

በአገራችን ገጠር አንድ ወጣት «ጎጆ ወጣ» ሲባል ግድግዳና ክዳን አገኘ ማለት ብቻ አይደለም። ወላጅ ጥጃ ወይም ዘር ይሰጠዋል፤ ጎረቤት በደቦ ቤቱን ያቆምለታል፤ በወሎም ከቅሬው ይገባል። ይህን ልብ ካልን፣ ዛሬ በሌሎች አገሮች ድጋፍ ያለው መኖሪያ የሚባለው አሠራር ፈጽሞ እንግዳ አይሆንብንም።

በጎዳና የሚያድር ሕመምተኛ ወይም የመጠጥ ሱሰኛ ቀድሞ «በመጀመሪያ ታከም፣ መጠጡንም ተው፤ ቤት ከዚያ በኋላ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ዮርክ የሥነ ልቦና ባለሙያው ሳም ሴምበሪስ የመሠረተው ድርጅት ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ቤቱ ይቅደም፣ ሕክምናው በሰውየው ፈቃድ ይከተል አለ። ፊንላንድም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ብዙ የጋራ ማደሪያዎችን ወደ ኪራይ ቤቶች ለወጠች። ነዋሪው ውል ይፈርማል፣ ኪራይ ይከፍላል፣ የበሩን ቁልፍ ራሱ ይይዛል፤ የሚረዳው ሠራተኛም በአቅራቢያው አለ። በተከታዮቹ ዓመታት የቤት አልባዎች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ።

በአዲስ አበባ የማዘር ትሬዛ ደናግልና የመቄዶንያ ማዕከል ከጎዳና የሚያነሡአቸውን አረጋውያንና ሕሙማን እናውቃለን። ራሱን መርዳት ለማይችል ሰው እንዲህ ያለው ቤት አማራጭ የለውም። ትንሽ ቢደገፍ በራሱ ደጅ ሊኖር ለሚችለው ግን ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

የዚህን ተቃራኒ ወሎ በራሱ ላይ አይቶታል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከረሃቡ ጋር ተያይዞ መንግሥት ከ500,000 በላይ ሰዎችን፣ ከእነርሱም አብዛኞቹን ከወሎ አንሥቶ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ጋምቤላ አሠፈረ። መሬትና ጎጆ ተመድቦላቸው ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ ያለ ፈቃዳቸው የሄዱ፣ ከቤተሰባቸው የተለዩ፣ ከማያውቁት ወባ ጋር የተጋፈጡ ነበሩ። ብዙዎች ያን ጎጆ ጥለው በእግር ጭምር ወደ ቀያቸው ተመለሱ። ጎጆው ነበረ፤ ቤት ግን አልሆነም።

ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ የራያ ሕዝብ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ተሰደደ፤ በደሴ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. መከራው ተደገመ። ለተመላሽ ብዙ ጊዜ የሚታሰብለት ቆርቆሮና ሚስማር ነው። ይህ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ባሏ የሞተባት ሴት በሬ ከሌላት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ከማሽላውም ግማሹ ይሄዳል። በከተማው ደግሞ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው የሚያከራይ ጥቂት ነው፤ የጠየቀውን ኪራይ ቢከፍሉት እንኳ አከራዩ ሁከትን ይፈራል። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሰው ከገንዘብ ይልቅ ዋስ ይበልጥበታል እንላለን።

የጳጳሳዊው የፍትሕና ሰላም ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1987 ማብቂያ ስለ ቤት አልባዎች ባወጣው ሰነድ ጉዳዩን ከምጽዋት አንሥቶ ወደ ፍትሕ አድርሶታል። ማቴዎስ 25ን የምታስተምሩ መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስም እንግዳን መቀበል በአንድ ሌሊት እንዳያበቃ በዚህ አሳብ አስረዱ።

ለውይይት፦ በቁምስናችን ክልል ለአንድ ሕመምተኛ ተከራይ በአከራዩ ፊት ዋስ የሚሆን ማን ነው? መድኃኒቱን መውሰዱን በየሳምንቱ የሚጠይቀውስ? ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሚገኙበት ቅሬ የመግቢያውን መዋጮ ማን ይከፍልለታል?