ቫዮሊንና ፒያኖ አብረው ሲጫወቱ

በዚህ ንባብ ስለ ሁለት የሙዚቃ መሣሪያዎች እንማራለን። አንዱ ቫዮሊን ይባላል። ሁለተኛው ፒያኖ ይባላል። ሁለቱም የተገኙት በጣሊያን አገር ነው። ድምፃቸውን ብዙዎቻችን በሬዲዮ ሰምተን ይሆናል። ሁለት ሰዎች ብቻ፣ አንዱ ቫዮሊን ይዞ ሌላው ፒያኖ ፊት ተቀምጦ፣ በአዳራሽ ለተሰበሰበ ሕዝብ የሚጫወቱበት ልማድ አለ። ዘፋኝ የለም። ጭፈራም ከበሮም የለም። ሰው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?» የሚል ይኖራል። መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሱን የምንጀምረው ግን ከሩቅ አገር ሳይሆን ከአሶሳ ነው።

በአሶሳ ዙሪያ የሚኖረው የበርታ ሕዝብ ዋዛ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አለው። ስሙ ዋዛ ይሁን እንጂ ነገሩ ዋዛ አይደለም። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረዥም መለከት ነው። ቅሉ ተቆርጦ አንዱ ካንዱ ጋር ይቀጣጠላል። ረዥሙ ዋዛ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። አንድ ሰው የሚነፋው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ዋዛ ብቻውን ዜማ አይሆንም። አሥር አሥራ ሁለት ሰው ሆነው፣ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው ዜማው የሚገኘው። አንዱ ተራውን ቢያሳልፍ ዜማው ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ይሆናል። ዋዛ ነፊ ትንፋሽ ብቻ ቢኖረው አይበቃውም፤ ጆሮ ያስፈልገዋል። ይህን እንያዝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው በአሶሳ አካባቢ ማሲንቆም ይሰማል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ማሲንቆን ያውቁታል። ቫዮሊን የማሲንቆ ዘመድ ነው ብንል ስህተት የለውም። ማሲንቆ አንድ ክር አለው፤ ቫዮሊን አራት አለው። ማሲንቆ በጉልበት መሐል ይያዛል፤ ቫዮሊን በግራ ትከሻና በአገጭ መካከል ይያዛል። የማሲንቆ ሆድ በቆዳ ይለበጣል፤ የቫዮሊን ሆድ ግን ሁለንተናው ስስ እንጨት ነው። ሁለቱም የሚጮኹት በደጋን ሲታሹ ነው። የሁለቱም ደጋን የተወጠረው በፈረስ ጭራ ነው።

ጭራው ግን ብቻውን ድምፅ አያወጣም። ክሩን እንደ ሳሙና ያዳልጠዋል። ለዚህ ነው የማሲንቆ ተጫዋች ጭራውን እጣን ወይም ሙጫ የሚቀባው። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ቆላ እጣን የሚሰጡ ዛፎች አሉ፤ እጣን ለጭስ ብቻ የሚሆን የሚመስለው ሰው ይህን ይወቅ። የቫዮሊን ተጫዋችም ከዛፍ ሙጫ ተነጥሮ የተሠራ ደረቅ ነገር በኪሱ ይይዛል፤ ጭራውን ያሽበታል። ታዲያ ሙጫው ምን ያደርጋል? ክሩን ይይዘዋል፣ ትንሽ ይጎትተዋል፣ ይለቀዋል፤ ደግሞ ይይዘዋል። ይህ የሚሆነው ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ነው። ከቫዮሊን ክሮች አንዱ «ላ» ይባላል። ይህ ክር በአንድ ሰከንድ 440 ጊዜ ያህል ይርገበገባል።

ቫዮሊን ሌላም ችግር አለበት። ጣት የት ላይ እንደሚያርፍ የሚያሳይ ምልክት በአንገቱ ላይ የለም። ጣት የጤፍ ፍሬ ታህል ዝንፍ ካለች ዜማው ይበላሻል። ተጫዋቹ ቦታውን የሚያገኘው በጆሮው ነው።

ወደ ፒያኖ እንሂድ። ፒያኖ ከሩቅ ሲያዩት ትልቅ ጠረጴዛ ይመስላል። ከፊቱ 88 ቁልፎች ተደርድረዋል፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። ተጫዋቹ አንዱን ቁልፍ በጣቱ ሲጫን ከውስጥ አንዲት ትንሽ የእንጨት መዶሻ ብድግ ብላ ሽቦ ትመታለች፤ መትታም ወዲያው ትመለሳለች። የመዶሻዋ ራስ በተጠቀጠቀ የበግ ፀጉር የተሸፈነ ነው። ይህን ዘዴ በ1700 ገደማ በአውሮፓ አቆጣጠር የፈጠረው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ የሚባል የፍሎረንስ ሠራተኛ ነው። በአሁኑ ፒያኖ ውስጥ ከ200 በላይ ሽቦዎች አሉ። ሁሉም በኃይል የተወጠሩ ናቸው። የሁሉም ጉተታ ቢደመር ከ150 እስከ 200 ኩንታል ጭነት ያህላል። ለዚህ ነው ከውስጡ ወፍራም የብረት ማዕቀፍ ያለው። እንጨት ብቻ ቢሆን ይሰበር ነበር።

እንግዲህ የሁለቱን ጠባይ እናስተያይ። የፒያኖ ድምፅ እንደ ደወል ነው። ከተመታበት ጊዜ ጀምሮ እየደከመ ይሄዳል፤ ተጫዋቹ ምንም ቢያደርግ መልሶ ሊያጎላው አይችልም። ቫዮሊን ግን ደጋኑ እስከ ተጎተተ ድረስ ድምፁን ሊያሳድገው፣ ሊያሳንሰው፣ ሊያስለቅሰው ይችላል። በሌላ በኩል ቫዮሊን ብዙ ድምፅ ባንድ ጊዜ ማውጣት ይቸግረዋል። ፒያኖ አሥሩንም ጣት ይዞ ይመጣል። አንዱ ያጣውን ሌላው አለው። ሰዎች ሁለቱን ያጣመሯቸው ለዚህ ነው።

ፒያኖውን «አጃቢ ነው» ብለው የሚንቁ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። በዘፈናችን አውጪና ተቀባይ አሉ አይደል? በዚህ ሙዚቃ ግን አውጪው ሁልጊዜ ቫዮሊኑ አይደለም። ቫዮሊኑ ያወጣል፣ ፒያኖው ይቀበላል፤ ትንሽ ቆይቶ ፒያኖው ያወጣል፣ ቫዮሊኑ ከሥር ሆኖ ይቀበላል። አንዳንዴም እንደ ሁለት ተከራካሪዎች አንዱ የሌላውን አፍ ይነጥቃል። አድማጭ ማን እንዳወጣና ማን እንደተቀበለ ከተከታተለ ሰዓቱ እንዴት እንዳለቀ አይታወቀውም።

አሁን አዳራሽ ገብተናል እንበል። ሁለቱ ተጫዋቾች ይመጣሉ፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ፒያኖ ተጫዋቹ ይቀመጣል፤ ቫዮሊን ተጫዋቹ በአጠገቡ ይቆማል። መጀመሪያ ፒያኖው «ላ» የሚለውን ድምፅ ይሰጣል፤ ቫዮሊኑ ክሮቹን በዚያ ያስተካክላል። ይህ ጨዋታው አይደለም፤ ቅኝት ነው። ፒያኖ በአዳራሽ መሐል ሊቃኝ አይችልም፤ አስቀድሞ ባለሙያ ይቃኘዋል። ስለዚህ ቫዮሊኑ ወደ ፒያኖው ይመጣል እንጂ ፒያኖው ወደ ቫዮሊኑ አይሄድም። ከዚያ በኋላ ዝምታ ይሆናል። «አንድ፣ ሁለት» ብሎ የሚያስጀምር አለቃ የለም። ቫዮሊን ተጫዋቹ ቀና ብሎ ትንፋሽ ይስባል። ያች ትንፋሽ ምልክት ናት። ሁለቱም በዚያች ቅጽበት ይጀምራሉ። የዋዛ ነፊዎች ጆሮ እዚህም አለ።

ሶናታ የሚባለው ድርሰት ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ክፍል አለው። አንዱ ክፍል አልቆ ዝም ሲሉ እንግዳ ሰው ያለቀ መስሎት ያጨበጭባል። ነውር አይደለም፤ በድሮ ጊዜ አውሮፓውያንም በየመሐሉ ያጨበጭቡ ነበር። የዛሬው ልማድ ግን እስከ መጨረሻው መታገሥ ነው።

ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባን ወረቀቱን ነው። በፒያኖው ላይ ወረቀት ተዘርግቷል። አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ገጹን ይገልጥለታል። በወረቀቱ ላይ አምስት አምስት መስመሮች ተሰምረዋል፤ በመስመሮቹ ላይ ነጠብጣቦች አሉ። ይህ ጽሕፈት ኖታ ይባላል። ነጠብጣቡ ከፍ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፤ ዝቅ ሲል ይወፍራል። ቅርጹ ደግሞ ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ ይናገራል። ኖታ የድምፅ ፊደል ነው ማለት ይቻላል። «ሀ» ያየ ሰው «ሀ» እንደሚል ሁሉ ኖታ ያወቀ ሰው ያላየውን፣ ያልሰማውን፣ ከሞተ 200 ዓመት የሆነውን ሰው ዜማ ያነባል። አንድ ነገር እንጨምር። በፒያኖ ተጫዋቹ ወረቀት ላይ የቫዮሊኑም ድርሻ ተጽፏል። በቫዮሊን ተጫዋቹ ወረቀት ላይ ግን የራሱ ድርሻ ብቻ ነው ያለው። ሌላውን በጆሮው ነው የሚያውቀው።

ወረቀት ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጠፋ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን የሚባል የታወቀ የጀርመን ደራሲ ነበር። ለፒያኖና ለቫዮሊን 10 ሶናታዎች ጽፏል። በ1803 በአውሮፓ አቆጣጠር ቪየና ከተማ ውስጥ ጆርጅ ብሪጅታወር ከሚባል ቫዮሊን ተጫዋች ጋር ተወዳጀ። የብሪጅታወር አባት የዘር ግንዱ ከአፍሪካ የሆነ ጥቁር ሰው ነበር፤ እናቱ አውሮፓዊት ነበረች። ቤትሆቨን ለእርሱ ብሎ አዲስ ሶናታ ጻፈ። ሥራው ግን አልደረሰለትም። ግንቦት ወር ውስጥ ጠዋት በ2 ሰዓት ለሕዝብ ሲቀርብ የፒያኖው ድርሻ ገና በቅጡ አልተጻፈም ነበር። የሁለተኛው ክፍል የቫዮሊን ድርሻም አልተገለበጠም። ብሪጅታወር በቤትሆቨን ትከሻ ላይ አሻግሮ ከረቂቁ እያነበበ ተጫወተ። እንዲህ ያለ ንባብ ቀላል አይደለም! ቤትሆቨን በችሎታው ተደስቶ ብድግ ብሎ እንዳቀፈው ብሪጅታወር ራሱ ጽፎ ትቷል።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተጣሉ። ምክንያቱ ስለ አንዲት ሴት የተነገረ ቃል ነው ይባላል። ሶናታው ታትሞ ሲወጣ ቤትሆቨን የብሪጅታወርን ስም አወጣና ሩዶልፍ ክሮይትዘር የሚባል የፈረንሳይ ቫዮሊን ተጫዋች ስም አስገባ። ክሮይትዘር ሶናታውን አልወደደውም፤ ለሕዝብም ተጫውቶት አያውቅም ይባላል። ድርሰቱ ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። አቅፎት የተጫወተው ሰው ስም ከሽፋኑ ላይ ቀረ። ወረቀት ዜማውን አዳነ፤ የሰውየውን ስም ግን የጻፈው እጅ ፋቀው። ውል ፈርሞ ወይም ደረሰኝ ተቀብሎ የሚያውቅ ገበሬ ይህ ነገር አይጠፋውም።

በሀገራችንም ሁለቱን መሣሪያዎች የተማሩ ታላቅ ሴት ነበሩ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ይባላሉ። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ቫዮሊንንም እዚያ ጀመሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ታስረው ወደ ጣሊያን ተወሰዱ። ከነፃነት በኋላ ወደ ግብፅ፣ ወደ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል የፖላንድ ቫዮሊን ተጫዋች ተማሩ። በየቀኑ ብዙ ሰዓት ቫዮሊንና ፒያኖ ይለማመዱ ነበር። በኋላ ለንደን ሄደው እንዲማሩ ዕድል አግኝተው ሳለ ፈቃድ ተከለከሉ። ተስፋ ቆርጠው ወሎ ውስጥ ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ፤ ወደ 10 ዓመት ያህል ያለ ጫማ ኖሩ። ከገዳም ሲመለሱ ወደ ፒያኖ ተመለሱ። የፒያኖ ድርሰቶቻቸው በ1967 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀርመን አገር በሸክላ ታተሙ፤ ገቢውም ለችግረኛ ልጆች እንዲውል አደረጉ። በኢየሩሳሌም ሲኖሩ ቆይተው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ድርሰቶቻቸው በኖታ ስለ ተጻፉ እርሳቸውን አይቷቸው የማያውቅ ወጣት ዛሬ ከፍቶ ይጫወታቸዋል።

አዲስ አበባ የሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ይህን ጥበብ ያስተምራል። መሥራቹና የመጀመሪያው ዲሬክተሩ አሸናፊ ከበደ ነበሩ። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ቫዮሊንና ፒያኖ ከማሲንቆ፣ ከክራርና ከዋሽንት ጋር በአንድ ግቢ ይማሩበታል። ማሲንቆን በጉልበቱ የያዘ ተማሪና ቫዮሊንን በትከሻው የያዘ ተማሪ ጎን ለጎን ይለማመዳሉ።

መልመጃ። በመንደራችሁ ወይም በጎረቤት መንደር ዋዛ የሚነፉ አባቶች ካሉ ሄዳችሁ ጠይቁ። ቅሎቹ ስንት ናቸው? የእያንዳንዱ ስም ማን ነው? የትኛው ይጀምራል፣ የትኛው ይከተላል? የአንደኛውን ድርሻ ማን አስተማረው? ስሞቹን ከረዥሙ ዋዛ እስከ አጭሩ በተራ በደብተራችሁ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ዋዛ አጠገብ የነፊውን ስም ከነአባቱ አድርጉ። ስሙን በትክክል መጻፋችሁን ለማወቅ ለባለቤቱ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።