የመድኃኒት ዱቄት ለሚያሳምመው ሠራተኛ ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ በመድኃኒት ፋብሪካ የፔኒሲሊን ዱቄት በሚመዘንበት ክፍል እሠራለሁ። ሥራ ስገባ ያስለኛል፣ ደረቴን ያፍነኛል፤ በእረፍት ቀኔ ይሻለኛል። ለአለቃዬ ባመለክት «ጭምብል ተሰጥቶሃል» ተባልኩ። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በሥራ ቀን ብሶ በእረፍት ቀን የሚሻል ሳል ከሥራ የሚመጣ አስም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የፔኒሲሊን ዱቄትም ይህን በማስከተል ይታወቃል። የሚነኩትን ንጥረ ነገር ስም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በካርድዎ ላይም እንዲሰፍር ይጠይቁ።

በመድኃኒት ፋብሪካ የሚለበሰው ጋውን፣ ቆብና የአፍ መሸፈኛ በአብዛኛው መድኃኒቱ ከሰው እንዳይበከል የታሰበ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሰውየውስ ከመድኃኒቱ ተጠብቋል ወይ? በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በፖርቶ ሪኮ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በሚያመርት ፋብሪካ አንዳንድ ወንድ ሠራተኞች ጡታቸው እስከ ማበጥ፣ አንዳንድ ሴቶችም ያለ ወር አበባ ጊዜያቸው እስከ መድማት ደርሰው ነበር። በሽተኛውን የሚፈውስ ንጥረ ነገር ጤነኛውን ሠራተኛ ሊጎዳ ይችላል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የሠራተኛ መብት መሆኑን ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 92 ግዴታውን በአሠሪው ላይ ይጥላል። አሠሪው ሥራው የሚያስከትለውን አደጋ ሊያስረዳዎት፣ ተገቢውን መከላከያ ሊያቀርብና አጠቃቀሙን ሊያሳይዎት፣ ሥራው አደገኛ ከሆነም እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ ሊያስመረምርዎት ይገባል። የሥራው ሂደት በኬሚካል ጉዳት እንዳያደርስም አስቀድሞ መከላከል አለበት። ስለዚህ «ጭምብል ሰጥቻለሁ» ማለት በቂ መልስ አይደለም። ተራ የአፍ መሸፈኛ ደቃቅ ዱቄት አያስቀርም። ዱቄቱ በተዘጋ መሣሪያ ውስጥ ይመዘናል? አቧራ መሳቢያው ይሠራል? ልብሱ እዚያው ይታጠባል ወይስ ዱቄቱን ይዘው ቤት ይገባሉ? እነዚህን በጽሑፍ ይጠይቁ።

የእርስዎም ግዴታ አለ። የተሰጠዎትን መከላከያ በአግባቡ ይልበሱ፣ አደጋ ሲያዩም ያሳውቁ። በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ ሆን ብሎ መጣስ ካሣ ሊያሳጣ ይችላል።

ሕመሙ በሥራ ምክንያት የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። በሽታው ለዚያ ሥራ በወጣው ሠንጠረዥ ከተዘረዘረ ይህ ራሱ በቂ ማስረጃ ይሆናል፤ ካልተዘረዘረም በሐኪም ማስረጃ ማስረዳት ይቻላል። የሕክምና ወጪዎ ይሸፈናል። ለጊዜው መሥራት ካልቻሉ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈልዎታል። በክፍልዎ ነፍሰ ጡር ባልደረባ ካለችም፣ ሥራው ለእሷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ የመዛወር መብት አላት።

አሁን የሚከተሉትን ያድርጉ፦

1. ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ፣ የሚሠሩበትን ንጥረ ነገርና የሚጠይቁትን ለውጥ ጠቅሰው ለአሠሪው ደብዳቤ ይጻፉ፤ «ደርሶኛል» የሚል ፊርማ ያለበት ቅጂ ይያዙ።

2. ለሠራተኛ ማኅበሩና ለደህንነት ኮሚቴው ያሳውቁ።

3. መልስ ካጡ በአካባቢዎ ላለው የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት ያመልክቱ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ቀድሞ ሳያሳውቅ ገብቶ መመርመርና ናሙና መውሰድ ይችላል።

4. ክስ ካስፈለገ ጊዜ አያሳልፉ። በሕጉ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር መብቱ በ1 ዓመት በይርጋ ይታገዳል።

ቅሬታ ማቅረብዎ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን የአዋጁ አንቀጽ 26 ይደነግጋል። በንዴት ሥራዎን ጥለው አይውጡ። ለሕይወትዎ ወይም ለጤናዎ የሚያሰጋ አደጋ መቃረቡን አሠሪው እያወቀ፣ በተሰጠው ጊዜ ካላስወገደ ግን ያለማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅን የአዋጁ አንቀጽ 32 ይፈቅዳል። ከዚያ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። የሐኪሙ ማስረጃና የተፈረመበት ደብዳቤ በእጅዎ ካሉ አቤቱታዎ ጽኑ መሠረት ይኖረዋል፤ በዚያው ክፍል የሚሠሩ ባልደረቦችዎንም ይታደጋል።