የአባት እጅ በማጀትና በአራስ ቤት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎ ሲሠይም፣ ባል አገልጋይ ለመቅጠር አቅም ያነሰው እንደ ሆነ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ያዝዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ተጋቢዎቹን በቤታቸው አስተዳደር እኩል አደረጋቸው። የሕጉ ቃል ይለወጥ እንጂ፣ ወንድ ልጅ ማጀት ቢገባ ክብሩ ይጓደላል የሚለው ልማድ በብዙ ቤት እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

ለዚህም ልማድ ሃይማኖትን ምስክር አድርገው የሚጠሩ አይታጡም፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበውን ኅብስት በቤተ ልሔም አቡክተው የሚጋግሩት ዲያቆናት፣ በየገዳማቱም ለማኅበሩ መክፈልት የሚያዘጋጁት መነኮሳት ወንዶች ስለ ሆኑ፣ አረጋዊው ዮሴፍም ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ምድረ ግብፅ እንደ ወረደ ወንጌል ስለሚነግረን፣ ሊጥ ያቦካና ሕፃን ያቀፈ እጅ ከክብሩ ጎደለ ማለት ከቶ አይቻልም። ዙምራ ኑሩ በደቡብ ጎንደር በመሠረቱት በአውራ አምባ ማኅበረ ሰብም ሴት ሞፈር ጨብጣ ታርሳለች፣ ወንድም እንጀራ ይጋግራል።

ሕፃን ማጠብና ማባበል በመደጋገም የሚገኝ ጥበብ ነው። እናትም ብትሆን ከእናቷና ከጎረቤቶቿ አይታ ትማረዋለች እንጂ ከማኅፀን ይዛው አትወጣም። አባት ግን ሕፃኑን ገና ብድግ ሲያደርገው «ተወው፣ አንተ አታውቅበትም» ተብሎ ከእጁ ስለሚነጠቅ፣ ሳይማር ይቀርና አለማወቁ እንደ ተፈጥሮ ይቈጠርበታል። ስለዚህ ለአዲስ አባት የምመክረው፣ አንድን ተግባር ከነኀላፊነቱ ሙሉ በሙሉ እንዲረከብ ነው። ለምሳሌ የክትባቱን ካርድ እርሱ ይያዝ፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ኋላም በ9ኛው ወር ቀኑን አስታዋሽ ሳይሻ ልጁን ታቅፎ ጤና ጣቢያ ይውሰድ፤ ማታም ትኩሳቱን እርሱ ይጠብቅ። አያቶችም እጁ እስኪለምድ ድረስ ይታገሡት።

ይህን ሁሉ ለመማር ግን ጊዜ ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲፈቅድ፣ ለአባት የሰጠው ደመወዝ የሚከፈልበት 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው፤ ይህም ከጠያቂ መስተንግዶ የማያልፍ እጅግ ያነሰ ዕረፍት ነው። አሠሪ የሆንህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የበለጠ መስጠትን አዋጁ አልከለከለህምና ለሠራተኛህ ጨምርለት።