በኮምፒዩተር መረብ የሚላክ መልእክት ማጓጓዣና አመራረጡ

ነጋዴ ዕቃውን ወደ ሩቅ አገር ከመላኩ አስቀድሞ በመርከብ ወይስ በአውሮፕላን ይሂድ ብሎ ይመረምራል። ቡና በባሕር ላይ ሳምንታት ቢቈይ ዋጋውን አያጣም፤ የተቈረጠ አበባ ግን ከዘገየ ቢደርስም እንዳልደረሰ ይቈጠራል። በኮምፒዩተር መረብ የሚላከውም መልእክት ጠባዩ እንደዚሁ ነው። አንዳንዱ ዘግይቶም ቢሆን ሳይጐድል መድረስ አለበት፤ ሌላው በጊዜው ካልደረሰ ከነጭራሹ ቢቀር ይሻላል። ስለዚህ ለንግድ ቤቱ የሒሳብ፥ የክፍያ ወይም የስልክ ፕሮግራም የሚያሠራ ሰው ባለሙያውን ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ያውቅ ዘንድ የማጓጓዣዎቹን ጠባይ መረዳት ይጠቅመዋል።

የመልእክቱ አጓጓዝ

በመረቡ የሚላክ ማናቸውም ጽሑፍ፥ ድምፅ ወይም ሥዕል ፓኬት ወደሚባሉ ትናንሽ እሽጎች ይከፋፈላል። ከእሽጎቹ አንዳንዱ በመንገድ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይደርሳል፤ የኋለኛው ከፊተኛው የሚቀድምበትም ጊዜ አለ። ለዚህ መረቡ ራሱ ዋስ አይሆንም። ጉድለቱን የሚያቃናው ወይም እንዳለ የሚተወው በላኪውና በተቀባዩ ኮምፒዩተር መካከል ያለው የማጓጓዣ ደንብ፥ ማለት ፕሮቶኮል ነው። ከነዚህም ዋነኞቹ ቲ.ሲ.ፒ. እና ዩ.ዲ.ፒ. ይባላሉ።

ጥንቃቄ የሚያበዛው ቲ.ሲ.ፒ.

የቲ.ሲ.ፒ. ሐሳብ በይፋ የታወቀው ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ነው። በዚህ ደንብ ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሦስት መልእክት ተለዋውጠው ይተዋወቃሉ። ከዚያ በኋላ የሚላከው ሁሉ ተራ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ተቀባዩ የደረሰውን እያረጋገጠ ያስታውቃል፤ ላኪውም ያልተረጋገጠለትን ደግሞ ይልካል።

ቲ.ሲ.ፒ. መረቡ ሲጨናነቅ አላላኩን ይቀንሳል። ይህ ጠባይ የተጨመረለት ከችግር በኋላ ነው። በኦክቶበር 1986 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፥ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል፥ 400 ያርድ በማይበልጥ ርቀት፥ በሴኮንድ 32,000 ቢት ያሳልፍ የነበረው መስመር በመጨናነቁ ወደ 40 ቢት ወረደ። ቫን ጃኮብሰን ምክንያቱን መርምሮ መድኃኒቱን በ1988 ዓ.ም. አሳተመ።

የቲ.ሲ.ፒ. ጉዳቱ መዘግየቱ ነው። አንድ እሽግ ቢጠፋ ከእርሱ በኋላ የተላኩት ቢደርሱም እንኳ የጠፋው ተተክቶ እስኪመጣ ድረስ ለፕሮግራሙ አይሰጡም።

የሚፈጥነው ዩ.ዲ.ፒ.

ድምፅን በመረብ ለመላክ የሞከሩ ሰዎች ይህን መጠበቅ አልቻሉም። ስለዚህም ዋስትና ለማይሻ መልእክት ዩ.ዲ.ፒ. ተዘጋጀ፤ ደንቡንም ጆን ፖስተል በኦገስት 1980 ዓ.ም. ጽፎ አወጣ። በዩ.ዲ.ፒ. መተዋወቅም ማረጋገጥም የለም። በእያንዳንዱ እሽግ ላይ የሚጻፈው አድራሻ 8 ባይት ብቻ ሲሆን፥ የቲ.ሲ.ፒ. ግን ቢያንስ 20 ባይት ነው። በመረብ በሚደረግ የስልክ ንግግር አንዱ እሽግ ብዙውን ጊዜ የ20 ሚሊ ሴኮንድ ድምፅ ይይዛል። ይህን ያህል ቢጐድል ጆሮ እምብዛም አያስተውለውም፤ ለእርሱ ሲባል ንግግሩ በየጊዜው ቢቋረጥ ግን መግባባት አይቻልም።

ከነዚህ ሌላ ኲክ የሚባል ሦስተኛ ደንብ አለ። በጉግል ኩባንያ በ2012 ዓ.ም. ተጀምሮ፥ በሜይ 2021 ዓ.ም. ለሁሉ የሚሆን ደንብ ሆኖ ወጣ። ኲክ በዩ.ዲ.ፒ. ላይ ተጭኖ ይጓዛል፤ ማረጋገጡንና ምስጢር መጠበቁን ግን ራሱ ያከናውናል። ልዩ ልዩ ጭነቶችን ለየብቻ ስለሚይዝ፥ ከአንዱ የጐደለው እሽግ ሌላውን አያስቆምም። የእጅ ስልክ ከቤት መስመር ወደ ሞባይል መስመር ቢዛወርም ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ሊቀጥል ይችላል።

ደረሰኝ የማን ነው?

ከዚህ በላይ ከተነገረው ነጋዴው «ክፍያዬ በቲ.ሲ.ፒ. ከሄደ አስተማማኝ ነው» ብሎ ቢያስብ ስሕተት ላይ ይወድቃል። ለምሳሌ አንድ ባለሱቅ ለአስመጪው 85,000 ብር እንዲከፈል ትእዛዝ ላከ እንበል። የባንኩ ኮምፒዩተር ትእዛዙን ተቀብሎ ገንዘቡን አዛወረ፤ መልሱ ከመመለሱ በፊት ግን መስመሩ ተቋረጠ። ባለሱቁ አልተሳካም የሚል ጽሑፍ አይቶ ደግሞ ይልካል። ሁለተኛው ግንኙነት ለቲ.ሲ.ፒ. ፍጹም አዲስ ስለሆነ፥ ትእዛዙ የቀድሞው ድጋሚ መሆኑን አያውቅም። ፕሮግራሙ በሌላ መንገድ ካልተጠነቀቀ 170,000 ብር ይከፈላል።

ይህ ለነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም። ሹፌሩ ጭነቱን በመጋዘኑ በር ማራገፉ፥ ንብረት ክፍሉ ቈጥሮ ተረክቦ ሞዴል 19 ቈርጧል ማለት አይደለም። የማጓጓዣው ማረጋገጫ የሹፌሩ ቃል ነው፤ የሥራው ማረጋገጫ ግን ከንብረት ክፍሉ መምጣት አለበት። ሶልትዘር፥ ሪድና ክላርክ የተባሉ ሊቃውንትም በ1984 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ የመጨረሻው ማረጋገጫ በሁለቱ ጫፎች ባሉት ፕሮግራሞች መደረግ እንዳለበት አስረድተዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ ከመላኩ በፊት በሱቁ በኩል የራሱ መለያ ቍጥር ይሰጠው፤ ቢደገምም በዚያው ቍጥር ይላክ። ተቀባዩም ቍጥሩን ከክፍያው ጋራ መዝግቦ፥ ዳግመኛ ሲመጣ የፊተኛውን መልስ ይስጥ እንጂ ደግሞ አይክፈል።

እንግዲህ ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴ ሦስት ነገር ይጠይቅ። መልእክቱ ቢዘገይ ይጐዳል ወይስ ቢጐድል? ለሒሳብ፥ ለክፍያና ለዕቃ ዝርዝር ቲ.ሲ.ፒ. ወይም ኲክ፥ ለቀጥታ ንግግር ዩ.ዲ.ፒ. የተሻለ ነው። ሁለተኛ፥ ተጠቃሚው በመንገድ ላይ ሆኖ መስመር የሚለዋውጥ ነውን? ከሆነ ኲክ ይረዳዋል። ሦስተኛ፥ መስመሩ በመካከል ቢቋረጥ ትእዛዙ ሁለት ጊዜ እንዳይፈጸም የሚጠብቀው ምንድን ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ «ቲ.ሲ.ፒ. ይጠብቀዋል» ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ሥራውን ገና አልጨረሰም።