ጀልባውን የያዘ ገበያውን ያዘ፦ የታኪሌ መንደርተኞች የቱሪዝም ንግድ

ስለ ቱሪዝም ንግድ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ምን የሚታይ ነገር አለ?» የሚለው ነው። ከገበያ አንፃር ግን ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ። ጎብኚው የሚታየው ነገር እስካለበት ቦታ ድረስ የሚሄደው በማን መጓጓዣ ነው? ገንዘቡንስ የሚከፍለው የት ነው? በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ የምትገኘው የታኪሌ ደሴት ታሪክ ይህን ጥያቄ ለማጥናት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ታኪሌ ፔሩና ቦሊቪያ በሚዋሰኑበት የቲቲካካ ሐይቅ ውስጥ ያለች ተራራማ ደሴት ናት። ሐይቁ ራሱ የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 3,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሁለት ሺህ ያህል የሚሆኑት ነዋሪዎቿ የኢንካዎችን ቋንቋ ኬቹዋን ይናገራሉ። በእርከን በተሠራ ማሳ ላይ ድንች፣ በቆሎና ባቄላ ያመርታሉ፤ በግ ያረባሉ። በደሴቲቱ መኪና የለም። ከወደቡ ወደ መንደሩ አደባባይ ለመድረስ ከ500 በላይ የድንጋይ ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል።

የደሴቲቱ ዋና ዕቃ የእጅ ሥራ ነው። ወንዶቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሱፍ ኮፍያ በሹራብ መርፌ ይሠራሉ፤ ሴቶቹ ጥለት ያለው መቀነት ይሸምናሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2005 የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ አውጇል፤ በ2008ም በዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ ታኪሌ የምትሸጠው ነገር አጥታ አታውቅም። ችግሩ የመጣው በሽያጩ መንገድ ላይ ነው።

መንደሩ ንግዱን እንዴት ያዘ?

የታኪሌ ጨርቅ በኩስኮ ከተማ ለውጭ አገር ሰዎች መሸጥ የጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ስለ ደሴቲቱ በአንድ የታወቀ የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ ተጻፈና ጎብኚዎች መምጣት ጀመሩ። በመጀመሪያ ያመላልሷቸው የነበሩት በሐይቁ ዳር ያለችው የፑኖ ከተማ ባለጀልባዎች ናቸው። የደሴቲቱ ሰዎች የነበሯቸው የሸራ ጀልባዎች ብቻ ስለነበሩ በፍጥነት ሊወዳደሩ አልቻሉም።

መንደርተኞቹ ያገኙት መፍትሔ ካፒታል ማሰባሰብ ነው። ብዙ ቤተሰቦች እየተቧደኑ ገንዘብ አዋጡ፤ የእንጨት ጀልባዎችን በራሳቸው አናጢዎች አሠሩ፤ ያገለገሉ የመኪና ሞተሮች ገዝተው ገጠሙባቸው። ኢንተር አሜሪካን ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ የልማት ድርጅትም ለሞተርና ለመለዋወጫ የሚሆን ድጋፍ ሰጣቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የፑኖ ነጋዴዎች ከመስመሩ ወጡ፤ ጎብኚዎችን የማመላለሱ መብት በመንግሥት ፈቃድ ለደሴቲቱ ማኅበራት ሆነ።

በደሴቲቱ ላይ ያለው አሠራር ደግሞ ለእኛ አንባቢ ከእቁብ ተራ ጋር ይመሳሰላል። ጎብኚው ከጀልባ ሲወርድ ይመዘገባል፤ የመንደሩ ኮሚቴም በየተራው ለአንድ ቤተሰብ በእንግድነት ይመድበዋል። የሆቴል ባለቤትም ሆነ ደላላ በመካከል አልገባም። የእጅ ሥራው በአደባባዩ ላይ ባለው የኅብረት ሥራ ሱቅ በተወሰነ ዋጋ ይሸጣል፤ ሱቁ ጥቂት ፐርሰንት ለራሱ ሲያስቀር ቀሪው ለሠሪው ይደርሳል።

ገበያው ሲከፈት

በ1980ዎቹ የሽምቅ ውጊያው፣ በ1991 ደግሞ የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ፔሩ የሚሄደውን ጎብኚ ቀንሶት ነበር። ለታኪሌ የከበደው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከ1990 እስከ 2000 በሥልጣን ላይ የነበረው የፉጂሞሪ መንግሥት ኢኮኖሚውን ለነፃ ገበያ ከፈተ፤ በ1991 ሞኖፖሊን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በዚህም ሳቢያ የመንደሩ ብቸኛ የማመላለስ መብት ቀረ። የፑኖ የጉዞ ወኪሎች ፈጣንና ምቹ ጀልባ ይዘው ገቡ።

ውጤቱን ለማየት አንድ የታሰበ ስሌት እንሥራ። ጎብኚው ለጠቅላላው ጉዞ 100 ብር ያወጣል እንበል፤ 50 ለጀልባ፣ 20 ለምሳ፣ 10 ለአዳር፣ 20 ለእጅ ሥራ። ጀልባው የመንደሩ ከሆነ፣ የነዳጅና የመለዋወጫ ወጪ ሳይቀነስ፣ 100ውም ወደ ደሴቲቱ ይገባል። ጀልባው የወኪሉ ከሆነ 50 ይቀራል። ወኪሉ ጎብኚውን በዚያው ቀን ወደ ከተማ ከመለሰው የአዳሩ ሂሳብ ይቀርና 40 ይሆናል። ብዙ እንግዳ የሚያመጣው ወኪል የምሳውን ዋጋ ወደ 12 ካስወረደ ለደሴቲቱ የሚተርፈው 32 ብር ብቻ ነው። ጎብኚውም ዕቃውም አልተለወጡም፤ የመንደሩ ድርሻ ግን ወደ ሲሶ ወርዷል። በታኪሌ የታየው አካሄድ ይኸው ነው። የጎብኚው ቁጥር ጨመረ፤ አብዛኛው ግን ጠዋት መጥቶ ምሳ በልቶ የሚመለስ ሆነ።

የነፃ ገበያ ደጋፊዎች ክርክር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ውድድሩ ጉዞውን አፋጥኗል፤ ምቾትም ጨምሯል። የመንደሩ ይዞታም በትክክል ሞኖፖሊ ነበር። ነገር ግን አንድ ሞኖፖሊ ፈረሰ ማለት ተወዳዳሪዎቹ በእኩል አቅም ተገናኙ ማለት አይደለም። ወኪሉ ደንበኛውን በከተማ፣ ገና ከሆቴሉ ሳይወጣ ያገኘዋል፤ መንደርተኛው የሚያገኘው ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ነው። በመንደሩ ውስጥም ልዩነት ሰፍቷል። ገንዘብ ያለው ምግብ ቤት ሲከፍት፣ አቅም ያጣው ተራውን ይጠብቃል።

ለባለሀብቱ የሚሆነው ትምህርት

አንደኛ፣ ለማዋዕለ ንዋይ የሚቀርብ የቱሪዝም ሐሳብ ሲመረመር በሚታየው ነገር ውበት ብቻ መወሰን አይበቃም። ጎብኚው ከሚከፍልበት እስከሚያይበት ቦታ ያለው ሰንሰለት በየእርከኑ የማን እንደሆነ በወረቀት ላይ ማስፈር ያሻል።

ሁለተኛ፣ በፈቃድ የተገኘ ጥበቃ ፈቃዱ እስካለ ድረስ ብቻ ይኖራል። ታኪሌ በደህናው ዘመን የማመላለስ መብቱን ይዛ ነበር፤ ጎብኚውን ከተማ ላይ የሚቀበል ጠንካራ የሽያጭ መሥመር ግን በአብዛኛው አልነበራትም። ነዋሪዎቹ የራሳቸውን የጉዞ ወኪል ያቋቋሙት ገበያው ከተከፈተ ዘግይቶ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመንደር ጋር የሚሠራ ወኪል የዛሬን ትርፍ ከነገው ጋር ማመዛዘን አለበት። እንግዳውን በደስታ የሚቀበል፣ ጥበቡንም ለልጁ የሚያስተምር ሰው ከሌለ ወኪሉ የሚሸጠው ነገር አይኖረውም። የአዳር ክፍያን፣ የምሳ ዋጋን ወይም ከእያንዳንዱ ትኬት ለመንደሩ የሚደርሰውን ድርሻ አስቀድሞ በውል መወሰን ከበጎ አድራጎት የሚቆጠር አይደለም፤ ሸቀጡ እንዳይነጥፍ የሚከፈል የንግድ ወጪ ነው።