ቁልቁለት ላይ የሚለሰልስ ፍሬን

ጥያቄ፦ አውቶሞቢሌ ለቤተሰብ ምቹ ናት። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለቱን ስወርድ ግን የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፤ የፍሬኑ ፔዳልም ይለሰልሳል። ስመለስ ደግሞ ዳገቱ ላይ ጉልበት ያጥራታል። አርጅታ ይሆን?
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጉልበቱ ማነስ የግድ የእርጅና ምልክት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሰውና ጓዝ ሲጨመር ይብሳልና ዳገቱ ሳይከብዳት ቀደም ብለው ማርሽ ይቀንሱ።

ፍሬኑ ግን ችላ አይባልም። እግር ከፔዳሉ ሳይነሳ ሲወረድ ሸራው ይግላል፤ እርጥበት የሳበ የፍሬን ዘይትም ይፈላል። በዘይቱ ውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎት ነው ፔዳሉን የሚያለሰልሰው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ አውቶማቲክ ከሆነች ዝቅተኛውን ይምረጡ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይያዙና ይልቀቁ። በዜሮ ማርሽ ፈጽሞ አይውረዱ። ከሸተተ ዳር ይዘው እስኪበርድ ይጠብቁ፤ ውሃ አይድፉበት። ዘይቱንም በየ2 ዓመቱ ያስቀይሩ።

ፍሬኑ ከበረደ በኋላም ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ ዘይቱ ከጎደለ ወይም ፍሬን ሲይዙ መኪናዋ ወደ ጎን ከሳበች፣ ብቁ መካኒክ ሳያያት ቤተሰብዎን ይዘው አይውጡ።